በሆዱ የተኛ ድንጋይ

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን ልጃቸው ሳባ ደውላ ስትነግረኝ ማውንቴን ቪው፣ በቅርቡ የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር። ሕንፃው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ጋሽ ደምሴ ይህን ቢያዩት ምን ይሉ ነበር?» የሚል ነው። የሚሉትን ደግሞ አላጣሁትም። «የሰው እጅ ያልነካው ቤት» ብለው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬ አብሮ መጣና መቆጣጠር አቃተኝ። ወደ መኪናዬ ተመለስኩ፤ ያን ቀን ሥራ አልገባሁም።

የተዋወቅነው ኦክላንድ፣ አንድ የአርኪዮሎጂ መጋዘን ውስጥ ነው። እኔ በዲቪ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ሥራዬ የድሮ የቁፋሮ ፎቶዎችንና ንድፎችን ስካን ማድረግ ነበር። እሳቸው ደግሞ ሳጥን ከመደርደሪያ ያወርዱልኛል፣ ስጨርስ ይመልሱታል። አርባ ዓመት ሙሉ ደብረ ብርሃንና አካባቢዋን ሲገነቡ የኖሩ ግንበኛ ናቸው። ሳባ ሳን ሆዜ ሰፊ ቤት አላት፤ እሳቸው ግን «ሶፋ ላይ ተቀምጬ መሞት አልፈልግም» ብለው ኦክላንድ አንዲት ክፍል ተከራይተው ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። ግትር ነበሩ። መነጽር ያስፈልጋቸዋል፤ አላምንም ብለው የኔን ስልክ እየተቀበሉ በካሜራው አጉልተው ያያሉ። ባትሪዬን የሚጨርሱት እሳቸው ናቸው።

ኮት ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ቱንቢ አለ። ክር ጫፍ ላይ የምትንጠለጠል ሾጣጣ ብረት ናት፤ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይባት። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ቀን ቢሮዬ በር ላይ አንጠልጥለዋት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩና «ሰውየው ተጣድፏል» አሉኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«በሩን የሰቀለው ነዋ!»

እንዲህ ነበሩ። ለሳቸው ቤት ብሎ ነገር የለም፤ ያለው ቤቱን የሠራው ሰው ነው። ለምሳ ስንወጣ የጡብ ግድግዳ ሥር ይቆሙና «እዚህ ጋ ሌላ ሰው ተረክቧል። ይኼኛው መጎንበስ አይወድም፤ ወገቡን ያመዋል» ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ «እንዲያው ሲያወሩ» እል ነበር። ልክ ይሁኑ አይሁኑ ማረጋገጫ የለኝማ። ብቻ ከሳቸው ወዲህ ግድግዳ ሳይ ከኋላው ሰው ይታየኛል፤ አሁን አሁን ለሰው ስናገረው አፍራለሁ እንጂ።

በመጋዘኑ ከሚሠሩት ተመራማሪዎች አንዷ ዶክተር ሩት ትባላለች። ጓቲማላ ጫካ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የጥንት ማያዎች ቤተ መቅደስ ላይ ሃያ ዓመት ያህል ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። ማያዎች በጓቲማላና በአካባቢዋ ከሺህ ዓመት በፊት ታላላቅ የድንጋይ መቅደሶች ያቆሙ ሕዝቦች ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም አሉ፤ ኦክላንድ ራሷ ሞልተዋል። የጋሽ ደምሴ የግድግዳ ጎረቤት ፓስኩዋል አንዱ ነው፤ ግንበኛ ነው። እሱ በማያኛው፣ ጋሽ ደምሴ በአማርኛ፣ ስለ ሲሚንቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲነጋገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተግባብተው ነው የሚለያዩት።

አንድ ቀን ዶክተር ሩት የቤተ መቅደሷን ንድፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ሳለ ጋሽ ደምሴ ሳጥን ተሸክመው ገቡ። ሦስት ክፍሎች አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደርድረዋል፤ የመጨረሻው ጠባብና መስኮት አልባ ነው። ሳጥኑን አስቀመጡና በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። «ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ።» የኛን ቤተ ክርስቲያን ክፍሎች መቁጠራቸው ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቤተልሔሙስ?» አሉኝ።

ቤተልሔም የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት ናት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ትሠራለች። ጋሽ ደምሴ ንድፉ ላይ ምሥራቁን ፈልገው አገኙና «እዚህ ይቆፈር፤ አለች» አሉ፤ ትላንት ያዩዋት ይመስል።

ነገሩ እኔንም ያዘኝ። ዞር ብዬ ለዶክተር ሩት በእንግሊዝኛ «አርባ ዓመት የገነባ ሰው ነው፤ በምሥራቅ በኩል ትንሽ የአገልግሎት ቤት መኖር አለበት ይላል» አልኳት። ከየት እንዳመጡት ግን አልነገርኳትም። ቤተ ክርስቲያን የሚለውን ብጨምርበት የምታቃልለው መሰለኝ። እሷም በዚያ በኩል የምትጠረጥራት ጉብታ ነበረቻትና በቀጣዩ የቁፋሮ ወቅት አስቆፈረችው። ስድስት ቀን። የተገኘው ሥርና ጭቃ ነው።

ስትመለስ «ለመሆኑ ምን አስተማመነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አሁን መደበቅ አልቻልኩም። ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ክፋት አልነበራትም፤ ግን ለሌሎቹ አወራችው። ከዚያ በኋላ በመጋዘኑ አንድ ነገር በጠፋ ቁጥር አንዱ «በምሥራቅ በኩል ፈልገው» ይላል፣ ሌላው ይስቃል። ጋሽ ደምሴ የሚሳቀው በማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ለምን ምክንያቱን አልነገርሻትም?» አሉ።

«እንዳትንቅዎት ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«የተናገርኩትን አሳመርሽው። ምክንያቱን ብትነግሪያት ኖሮ እሷ ታውቅበት ነበር፤ የምትማር ሰው ናት።» ከዚያም «የራሴን ቤት ፍለጋ የሰው ግቢ አስቆፈርኩ» አሉ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ንድፎቹ ትንፍሽ አይሉም። አንዳንዴ ብቻ አንድ ፎቶ አተኩረው ያዩና ለራሳቸው «የነሱ ነው ወይስ የኔ?» ይላሉ። ከዚያ ሳጥኑን ዘግተው ይሄዳሉ።

ዓመት ገደማ አለፈ። ዶክተር ሩት ስለ ቤተ መቅደሷ የጻፈችው መጽሐፍ ሊታተም ደረሰ፤ ንድፎቹና ፎቶዎቹ ዓርብ መላክ አለባቸው። ሰኞ ዕለት የሦስተኛውን ክፍል ፎቶ ስካን ሳደርግ ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ክፍሉ እስከ አናቱ ድንጋይ ሞልቶታል፤ የተከፈተው ግማሹ ብቻ ነው። ከሥሩ «ጣሪያው የፈረሰበት ክፍል» ተብሎ ተጽፏል። መጽሐፉ ውስጥም ሰዎቹ መቅደሱን ችላ ብለው ጥለውት እንደሄዱ፣ ከዚያም ጣሪያው እንደወረደ ይተረካል። ጋሽ ደምሴ አንብቢልኝ አሉኝ፤ አነበብኩላቸው። ወደ መደርደሪያቸው ተመለሱ።

ማክሰኞ ምሳቸውን ትተው ፎቶው ላይ ተደፍተው አገኘኋቸው፤ ስልኬ እጃቸው ላይ ነው። ረቡዕም እንደዚያው። አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ይሄ ፎቶ ምን አደረገዎት?»

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

«ሥራዬ እኮ እሱ ነው። ፍራይዴይ ዴድላይን አለብን። ይንገሩኝ ወይም ይመልሱልኝ።»

አውራ ጣታቸውን ፎቶው ላይ አሳረፉ። «ይሄ ድንጋይ እንዴት ነው የተኛው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«በሆዱ ነው። ሰፊው፣ ለጥ ያለው ወገኑ ሆዱ ነው። ይሄስ? በሆዱ። ያም በሆዱ። ድንጋይ ከላይ ሲወርድ በጎኑም ያርፋል፣ በሹሉም ይተከላል እንጂ ሁሉም ተስማምቶ በሆዱ አይተኛም። ደግሞ ትልልቁ ከታች ነው፤ በመሐሉ ጠጠር ተወትፎለታል። ጣሪያ ሲፈርስ ጠጠር የሚወትፍ ማን ነው? ልስኑንም እይው፤ አንድ ጭረት የለውም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሰው ነዋ! በእጁ የሞላው ሰው ነው። ጥለውት አልሄዱም፤ ክፍሉን ቀብረውታል።»

ብድግ አልኩ። «ለዶክተር ሩት እንንገራት!»

«አልናገርም» አሉ፤ ፊታቸው ተለወጠ። ወጣት ሳሉ አንዲት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ፈርሳ በአዲስ ስትተካ ከግንበኞቹ አንዱ ነበሩ። አለቃው የመቅደስ ድንጋይ አይጣልም ብለው፣ አሮጌውን ድንጋይ ሁሉ አንድ በአንድ በአዲሱ ወለል ሥር አስደርድረዋቸዋል። «ይኸው ደግሞ የኔ ቤት መጣ» አሉኝ። «ፎቶውን ሳየው ያ ወለል ነው የታየኝ። እንዴት አምነዋለሁ? ደግሞስ እኔ ስናገር እኚህ ሰዎች ይስቃሉ እንጂ ይሰማሉ?»

«እሺ፣ ይተዉት። ዓርብ ይላካል።»

ያልኩት ለተንኮል ነው፤ ገብቷቸዋል። ወደ በሩ ሄዱና ተመለሱ። «ሰው በእጁ የቀበረውን ጥሎት ሄደ ብሎ መጻፍ ስም ማጥፋት ነው። የሞተ ሰው ደግሞ ወጥቶ መልስ አይሰጥ። ፓስኩዋልን ነገ በር ላይ ሳገኘው በየትኛው ዓይኔ ነው የማየው?» ያኔ ነው የከበዳቸው ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ። እንደገና መሳቂያ መሆን አለ፤ ዝም ብሎ ማሳለፍም አለ። ሦስት ቀን ሲያመዛዝኑ የሰነበቱት እነዚህን ሁለቱን ነው።

በመጨረሻ «ድንጋዩ ራሱ ይናገር» አሉ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ፓስኩዋል ሳን ፓብሎ ከተማ ውስጥ የሚያፈርሰው የአትክልት ቦታ ግንብ ነበርና ድንጋዩን በፒካፑ ጭኖ መጋዘኑ ጀርባ፣ ፓርኪንጉ ላይ አራገፈው። ጋሽ ደምሴ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ሣጥኖች ውስጣቸውን እንደ ክፍሉ ልስን ጄሶ ቀብተው አድርቀው ጠብቀዋል። አንደኛውን እንድሞላ ታዘዝኩ፤ መሰላል ላይ ወጥቼ ድንጋዩን ከላይ መልቀቅ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ የተደሰትኩበት ሥራ የለም። ሁለተኛውን እሳቸው ያዙ። ድንጋዩን አንስተው ያገላብጡታል፣ ሆዱን ያገኙታል፣ ያስተኙታል። ፓስኩዋል ለመሄድ ቁልፉን አውጥቶ ነበር፤ ትንሽ አየና ቁልፉን ኪሱ ከቶ ተንበረከከ። ማንም ምንም ሳይለው በየስንጥቁ ጠጠር ይወትፍ ጀመር።

ሲያልቅ የሁለቱንም ሣጥን አንድ አንድ ጎን አነሳን። የኔው ዝርግፍ ብሎ እግሬ ላይ ሊወርድ ነበር፤ የቀረው በጎኑም በሹሉም ቆሟል፣ ጄሶው ተቧጭሮ አልቋል። የሳቸው ንቅንቅ አላለም። ጄሶው እንደተቀባ ነው።

ዶክተር ሩትን ጠራኋት። በዚህ ጊዜ ሁሉንም፣ የቤተ ክርስቲያኗን ታሪክና «የኔ ይሁን የነሱ አላውቅም» ያሉትን ሳይቀር ነገርኳት። ከሥራ ባልደረቦቻችን አንዱ በመስኮት ሆኖ «ምሥራቁ በየት በኩል ነው?» አለ። እሷ አልሳቀችም። አስፋልቱ ላይ ቁጢጥ ብላ ፎቶውን ከሣጥኖቹ ጋር ስታስተያይ ቆየች። ማያዎች በሌሎች ቦታዎች የተቀደሰ ክፍልን እንዲህ ሞልተው በክብር እንደሚዘጉ ታውቃለች፤ ለዚህች ትንሽና ደሃ መቅደስ ግን አስባው አታውቅም ነበር። ከዚያ አንድ ነገር እንድጠይቅላት ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ ተሳስተው ከሆነ በምን እናውቃለን ትላለች።»

ፊታቸው በራ። አሜሪካ ከገቡ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው የለም። «ይህችስ ግንበኛ ይወጣታል» አሉኝ። «ያልተከፈተው ግማሽ አለ አይደል? ጣሪያው ፈርሶ ከሆነ የጣሪያው ድንጋይ ወለሉ ላይ ይገኛል። ከተገኘ ተሳስቻለሁ፤ ሁለተኛ አልናገርም በያት።»

ዶክተር ሩት በዚያው ቀን ምዕራፉን ከሕትመት አስወጣችው። ቀሪውን ግማሽ ለመክፈት ግን ዝናቡ አልፎ ጫካው እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ሆነ።

በዚያ መሐል ጋሽ ደምሴ ታመሙ። ሳባ ሳን ሆዜ ወሰደቻቸው፤ ያ የፈሩት ሶፋ አልጋ ሆነላቸው። እሑድ እሑድ እየነዳሁ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ጤና ይስጥልኝ ሳልል «ከፈተችው?» ይሉኛል። ገና ነው እላለሁ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየመነመኑ ሄዱ፤ ጥያቄው ግን አልቀነሰም።

አንድ ቅዳሜ የዶክተር ሩት መልእክት ከፎቶዎቹ ጋር ደረሰኝ። በማግስቱ ታብሌቱን ይዤ ሄድኩ። የሳባን «ጫማ አውልቂ» እንኳ አልሰማሁም፤ ዘልቄ ገባሁ።

«የጣሪያ ድንጋይ የለም፣ ጋሼ! አንድም! ወለሉ ተጠርጎ ነው የተሞላው። ለስንብት ሆን ብለው የሰበሯቸው ሸክላዎች በየቦታቸው ተቀምጠዋል። ልክ ነበሩ!»

ሳባ አፏን ያዘች። «አባዬ፣ ዩ ወር ራይት! ኦ ማይ ጋድ!» ብላ ግንባራቸውን ሳመቻቸው።

እሳቸው አልሳቁም። ትራሱን ከፍ አስደረጉና «አሳዪኝ» አሉ። አንድ በአንድ አሳየኋቸው፤ እያንዳንዱን ድንጋይ በዓይናቸው ሲያገላብጡ ይታየኛል። የመጨረሻዋ ፎቶ ላይ ስደርስ ታብሌቱን አጠፋሁት።

«ይኼው ነው?»

አዎ ልላቸው አፌ ተከፍቶ ነበር። የዶክተር ሩት መልእክት ጫፍ ላይ ሌላ ነገር አለ። በአንድ ቦታ ድንጋዩ አልተደረደረም፤ ተወርውሯል። በሹሉ ቆሟል፣ ልስኑም ተቧጭሯል። «ይህ ነገር እንደገና ያጠራጥረኛል፤ ምናልባት እዚህ ጋ በእርግጥም ጥለውት ሄደው ይሆናል፤ እባክሽ ጠይቂው» ብላ ጽፋለች። እኔ ደግሞ ደስታቸውን ይዘው እንዲቆዩ ፈለግሁ። ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ግን አልቻልኩም፤ ከፈትኩና ያለችውን ሁሉ ነገርኳቸው።

ረጅም ጊዜ አዩት። ሳባ የመድኃኒት ሰዓታቸው መድረሱን ልትነግራቸው መጥታ ክኒኑን እንደያዘች ቆመች። ጣታቸው ስክሪኑን በነካው ቁጥር ፎቶው ይሸሽባቸዋል፤ እኔ እመልስላቸዋለሁ። ባላሳየኋቸው ብዬ ራሴን ረገምኩ።

«ይሄ በሩ ጋ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ በሩ ጋ ነው።»

«ሲሞሉ ከጓዳው ጀምረው ወደ በሩ እየሸሹ ነው የሚመጡት። መጨረሻ የደረሱት እዚህ ነው።» እጃቸውን ፎቶው ላይ ጣል አደረጉት፤ በጣም ቀሏል። «ጻፊላት። ጥለውት አልሄዱም፤ መሽቶባቸው ነው።»